ራምፕ ያለው ሕንጻ ሁሉ አያስገባም

አንድ አዲስ የመንግሥት ሕንጻ ተጠናቆ ሊመረቅ ሲል ስለ አካል ጉዳተኞች የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚያስወጣ ተዳፋት መንገድ) አለው?» ዛሬ ዛሬ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አለው» ነው፤ ጉዳዩም እዚያው ላይ ይዘጋል። በሕንጻ ዲዛይንና በግንባታ ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ይህንን ጥያቄና መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ወደ ወረዳ የሚሄደው የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ፣ ግብር ሊከፍል ወይም አቤቱታ ሊያቀርብ ነው። ከታክሲ ይወርዳል፣ የእግረኛ መንገዱን ይሻገራል፣ ይፈተሻል፣ በሩን አልፎ ጉዳዩ የትኛው ክፍል እንደሚታይ ይጠይቃል፣ ፎቅ ይወጣል፣ መስኮቱ ጋ ቀርቦ ይፈርማል። ወረፋው ከረዘመ ሽንት ቤት ያስፈልገዋል። ከዚያም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱ ቦታ ላይ መንገዱ ከተቆረጠ የቀረው ሁሉ ደህና መሆኑ ለእሱ ምንም አይፈይድለትም። እኛ ግን ሕንጻውን የምንመለከተው ቆራርጠን ነው፤ ራምፑን ለብቻው፣ ሊፍቱን ለብቻው፣ ሽንት ቤቱን ለብቻው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ማንኛውም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ከመንገዱ ተነስተው እስከ መጨረሻው ፎቅ ይግቡበት፤ እነሱ «ይሆናል» ሳይሉ አይከፈት። ለምን እዚህ ላይ እንደደረስኩ ላስረዳ።

ባለፈው ክረምት በዊልቸር ከሚንቀሳቀስ አንድ ወዳጄ ጋር ወደ አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። ሕንጻው ያምራል፤ ፊቱ መስታወት፣ ደረጃው ግራናይት ነው። ዋናው በር ከግቢው ወለል ሰባት ደረጃ ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲሜትር ነው፤ ስለዚህ መወጣት ያለበት ከፍታ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲሜትር ይሆናል። በደረጃው ጎን ራምፕ አለ። ርዝመቱን በሜትር ለካሁት፤ 4 ሜትር ነው። በሙያው ዘንድ የታወቀው ልኬት ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። በዚህ ሒሳብ ለሰባቱ ደረጃዎች 12 ሜትር ከ60 ያስፈልግ ነበር። ከፍታው ከ75 ሴንቲሜትር ሲበልጥ ደግሞ መሐል ላይ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት፣ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ጠፍጣፋ ማረፊያ ይጨመራል። በድምሩ 14 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የተሠራው ግን ተዳፋቱ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ የሚበልጥ፣ በዚያ ላይ እንደ ደረጃው ሁሉ በለሰለሰ ግራናይት የተለበጠ ነው። ዝናብ ጥሎበት ነበር። ወዳጄ እጆቹ ጠንካራ ናቸው፤ ዓመታት ራሱን ሲገፋ የኖረ ሰው ነው። ሁለት ክንድ ያህል ወጣና ጎማው መንሸራተት ጀመረ። ከኋላው ባልቆም ኖሮ ወደ ኋላ ይገለበጥ ነበር።

ወዲያው የጥበቃ ሠራተኞቹ ሮጠው መጡ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ምንም ችግር የለም፣ ተሸክመን እናስገባሃለን» አሉት። ሁለቱ ከጎን፣ አንድ ባለጉዳይ ከኋላ ሆነው ከነወንበሩ አንስተው አስገቡት። ከልባቸው ነው ያደረጉት፤ ማንም «ምን አገባኝ» አላለም። በአገራችን ይህ ደግነት በየደጁ አለ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ብዙ ሕንጻዎቻችን ሲሠሩ ሳይነገር የሚታመነው በዚህ ደግነት ላይ ነው። «ለእነሱስ ሰው አይጠፋም፣ ያስገባቸዋል» የሚል ሐሳብ ከዲዛይኑ ሥር አለ። ሸክሙ ግን ሁለት ጫፍ አለው። ተሸካሚው ወገቡን ሊጎዳ ይችላል፤ ደረጃ ላይ የሚያንሸራትት ነገር ከረገጠ ሁሉም ይወድቃሉ። የሚሸከሙት ሰው ደግሞ በሕዝብ ፊት እንደ ዕቃ ይነሳል። ሴት ከሆነች የማታውቃቸው ወንዶች ክንዷንና ጭኗን ይዘው ያነሷታል፤ ቀሚሷ ይገለባል፤ ፊቷን የት ታድርግ? ስለዚህ ብዙዎቹ ይቀራሉ። ጉዳያቸውን በወንድም፣ በልጅ፣ በጎረቤት በኩል ያስጨርሳሉ። ወዳጄ ያን ዕለት ከሕንጻው ሲወጣ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን ነገ ተመልሰህ ና ቢሉኝ አልመጣም።»

ይህ ራምፕ ለምን 4 ሜትር ሆነ? ግንበኛው ስለሰነፈ አይመስለኝም። ዋናው ንድፍ ሲሠራ የመግቢያው ወለል ከግቢው 1 ሜትር ከፍ እንዲል ተወሰነ፤ ከዚያ ደረጃው ተሳለ፣ የመኪና ማቆሚያው ተሳለ፣ አጥሩ ተሳለ። ሁሉም ካለቀ በኋላ «ራምፕም ይኑር» ተባለ። የቀረው ቦታ 4 ሜትር ነበርና 4 ሜትር ተሠራ። የምድር ቤቱ ወለል ከፍታ የሚወሰንበት ያ የመጀመሪያ ቀን ሕንጻው ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስቀር የሚወሰንበትም ቀን ነው። በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር መቀየር ምንም አያስወጣም፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ማንም ሊነካው አይፈልግም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

መግቢያን ከፍ የማድረግ ልማዳችን ምክንያቶች አሉት። አንዳንዱ ጎርፍ ፈርቶ ነው፤ አንዳንዱ ለቤዝመንቱ መስኮት ብርሃን ለማግኘት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ለግርማ ሞገስ ነው፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት በትልቅ ደረጃ መወጣት አለበት የሚል አስተሳሰብ። ጎርፉን በግቢው ውስጥ በመቀልበስና በበሩ ፊት በሚቆፈር የፍሳሽ መቀበያ መመለስ ይቻላል። ግርማ ሞገሱም ከጣሪያው ከፍታ፣ ከብርሃኑ፣ ከግንቡ ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ተዳፋት ከተማ መሆኗ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ነው። ቁልቁል የሆነ ቦታ ላይ የሚሠራ ሕንጻ በአንዱ ጎኑ ከመሬት ከፍ ቢልም በሌላው ጎኑ ከመሬት ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ዋናውን በር በዚያ በእኩሉ በኩል ማድረግ ነው። ያኔ ራምፕ የሚባል ነገር ጭራሹን አያስፈልግም፤ እናት ልጇን በጋሪ እየገፋች፣ ሽማግሌው በከዘራ፣ ተላላኪው የወረቀት ካርቶን በጋሪ እየጎተተ፣ ወዳጄም በዊልቸሩ በአንድ በር ይገባሉ። በጓሮ በኩል፣ በቆሻሻ ማውጫው አጠገብ «የአካል ጉዳተኞች መግቢያ» የሚል በር ማበጀት ግን መፍትሔ አይደለም። ያ በር አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚገኘው፤ ቁልፉን የያዘው ሰውም ምሳ ሄዷል።

ስለ ቁልፍ ካነሳሁ ሽንት ቤቱን ልጨምር። አዲሶቹ ሕንጻዎች ውስጥ የዊልቸር ምልክት የተለጠፈበት በር ማየት እየተለመደ ነው። ከፍታችሁ እዩት። ብዙ ቦታ ውስጡ የጽዳት ሠራተኞች ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ባልዲ፣ መወልወያ፣ የበረኪና ጀሪካን፣ የተሰበረ ወንበር። በጽዳት ሠራተኞቹ አልፈርድም፤ ሕንጻው ሲነደፍ ለእነሱም ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አልታሰበላቸውም፤ ባዶ ክፍል ሲያገኙ ተጠቀሙበት። ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ዊልቸሩ ከገባ በኋላ በሩ አይዘጋም። ዊልቸር አንድ ዙር ለመዞር 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ባዶ ወለል ይፈልጋል፤ ያንን ቦታ የእጅ መታጠቢያው ይዞታል። በአጠገቡ ያሉት የሌሎቹ ሽንት ቤቶች በሮች 70 ሴንቲሜትር ናቸው፤ የመቃኑና የበሩ ውፍረት ሲቀነስ የቀረው ክፍተት ለተራ ዊልቸር አይበቃም። መታጠቢያው ሥር ቁምሳጥን ስለተሠራለት ጉልበት አያስገባም፤ መስታወቱ ቆሞ ለሚያይ ሰው ብቻ ተሰቅሏል።

እዚህ ላይ ቀርቤ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእጅ መደገፊያው ብረት ከመቀመጫው ጎን ተገጥሟል፤ ሲያዩት ደንበኛ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ብረት። ያዝ አድርጌ ክብደቴን ስጥልበት ብሎኖቹ ከነሴራሚኩ እየተነቀሉ መጡ። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ነው፤ ብሎኑ የያዘው የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ብቻ ነበር። ይህ ብረት የሚያስፈልገው ሰው ከዊልቸሩ ወደ መቀመጫው ሲዛወር የሰውነቱን ክብደት በሙሉ የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። ብረቱ ቢነቀል ጭንቅላቱ ከሴራሚኩ ጋር ይጋጫል። መፍትሔው ግድግዳው ሲገነባ በዚያ ቦታ ያሉትን ብሎኬቶች በኮንክሪት መሙላት ነው፤ ሁለት ሦስት ባሬላ ኮንክሪት። ነገር ግን በንድፉ ላይ ያንን የሚያሳይ ዝርዝር ሥዕል የለም፤ በክፍያ ዝርዝሩም ላይ «የእጅ መደገፊያ፣ ብዛት 2» ይላል እንጂ ምን ላይ እንደሚታሰር አይናገርም። ተቋራጩ የተጻፈለትን ሠራ። ተቆጣጣሪው መኖሩን አይቶ ምልክት አደረገ።

ሊፍቱ ላይም እንዲሁ ነው። ሊፍት ያላቸው፣ ግን ወደ ሊፍቱ ለመድረስ ሦስት ደረጃ የሚያስወጡ ሕንጻዎች አሉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኮምፒውተሩንና አምፖሉን ያበራል፤ ሊፍቱ ከጄኔሬተሩ ጋር አልተያያዘም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው መብራት እስኪመጣ እዚያው ነው። በአንዳንዶቹ አዳዲስ ሊፍቶች ላይ ቁልፉ ጠፍጣፋ የመንካት ስክሪን ሆኗል፤ ለዓይነ ስውር ሰው ይህ ምንም ያልተጻፈበት መስታወት ነው፤ የፎቁን ቁጥር በድምፅ የሚናገር ከሌለ ደግሞ የት እንደደረሰ አያውቅም። ጥገናው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከፍ ብለው በተሠሩት ጣቢያዎቹ ላይ የሊፍትና የተንቀሳቃሽ ደረጃ ብልሽት ተሳፋሪውን ሲያማርር ኖሯል። ሊፍት የሚገዛ መሥሪያ ቤት የመለዋወጫውንና የጥገናውን ውል አብሮ ካልገዛ የገዛው ለምርቃቱ ቀን ብቻ ነው።

ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ስለሚሠራው ሥራ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው እዚህ ላይ ነውና። በእግረኛ መንገዶች ላይ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ንጣፍ ሳታዩ አትቀሩም። ሐሳቡ የጃፓኑ የሴይቺ ሚያኬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈለሰፈው፣ በ1967 ኦካያማ ከተማ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ሁለት ዓይነት ነው። ረዣዥም መስመር ያለው «በዚህ ቀጥል» ይላል፤ ክብ ክብ ነጠብጣብ ያለው «ቁም፣ ከፊትህ ደረጃ ወይም መንገድ ወይም መታጠፊያ አለ» ይላል። ነጭ በትር የያዘ ሰው በበትሩና በእግሩ ያነበዋል። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ላይም ንጣፉ በብዙ ቦታ ገብቷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን አነጣጠፉን ተከትላችሁ ሂዱ። አንዳንድ ቦታ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ መብራት ምሰሶ ይወስዳል። አንዳንድ ቦታ ነጠብጣቡ ምንም በሌለበት ለማሳመሪያ ተነጥፏል፤ ሰውየው ይቆማል፣ ይፈራል፣ ምንም የለም። በሌላ ቦታ ደግሞ ደረጃው አፋፍ ላይ ነጠብጣብ የለም። ንጣፉ ሲሳሳት ከሌለው ይብሳል፤ ሰውየው አምኖት ነዋ የሚሄደው። ከእግረኛ መንገዱ ወደ ሕንጻዎቹ ስትመጡ ደግሞ መስመሩ አጥሩ በር ላይ ያልቃል። መንገዱን የሠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሕንጻውን የሠራው ሌላ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያሉትን ሃያና ሠላሳ ሜትሮች ያሰበ ሰው የለም። ከዚያ ዓይነ ስውራኑ ውስጥ ሲገቡ ሰፊ፣ ባዶ፣ የሚያስተጋባ አዳራሽ ይቀበላቸዋል። ግድግዳ ይዘው እንዳይሄዱ የአበባ ማሰሮና ወንበር ተደርድሯል፤ ደረጃው ሥር ያለው ክፍተት አልታጠረምና በትራቸው ሳይነካው ግንባራቸው ይመታል።

ደረጃዎቹ ሁሉ አንድ ቀለም መሆናቸውም ሌላ ነው። ከላይ ሲወርዱ የሚያብረቀርቀው ግራናይት አንድ ወጥ ሜዳ መስሎ ይታያል፤ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች የመጨረሻውን ደረጃ ሳያዩ ይስታሉ። የእያንዳንዱን ደረጃ ጫፍ በሌላ ቀለም ማስመር የቀለም ቆርቆሮና የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ደግሞ ፈጽሞ ተረስተዋል ማለት ይቻላል። ወረፋው በስም ጥሪ በሚካሄድበት አዳራሽ አንዲት መስማት የተሳናት ሴት ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ባለፈ በኋላ ምንም ሳታውቅ እስከ ማታ ልትቀመጥ ትችላለች። ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ይህን ይፈታል። የእሳት ማስጠንቀቂያው በጩኸት ብቻ ከሆነ ሽንት ቤት ውስጥ ብቻዋን ያለችው ሴት ሁሉም ከወጡ በኋላ ትቀራለች፤ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አብሮ መገጠም አለበት። እሳትን ካነሳን፣ በእሳት ጊዜ ሊፍት አይጠቀሙም። እንግዲያ በሊፍት ስድስተኛ ፎቅ የወጣው የዊልቸር ተጠቃሚ እንዴት ይውረድ? በየፎቁ ደረጃው አጠገብ እሳትና ጭስ የማይደርስበት፣ አንድ ዊልቸር የሚያቆም ቦታ ተዘጋጅቶ አዳኞች እስኪደርሱ እዚያ ይጠብቃል፤ ይህ በሌላው ዓለም የተለመደ አሠራር ነው። እኔ ባየኋቸው አዳዲስ ሕንጻዎች ንድፍ ላይ ይህ ቦታ ሲካተት እምብዛም አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሌት ተቀን የሚያሳስበኝ ከሁሉም በላይ ይህ ነው።

«እኛ ድሃ አገር ነን፣ እነዚህ ነገሮች የሀብታም ናቸው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጠኛል። ገንዘቡ እንዳልሆነ ማሳያ የሚሆነኝ አንድ ሕንጻ አለ። በኒውዮርክ ከተማ ኩዊንስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ሀንተርስ ፖይንት የሚባል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ንድፉ የታዋቂው አርክቴክት የስቲቨን ሆል ቢሮ ነው፤ ወጪው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ጋዜጦች አወደሱት። አሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕጓን ያወጣችው በ1990 ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ሕጉ 29 ዓመቱ ነበር። ሕንጻው ሲከፈት ግን የልብ ወለድ መጻሕፍት መደርደሪያዎቹ በደረጃ ብቻ በሚደረስባቸው እርከኖች ላይ ተሠርተው ተገኙ። ሊፍት ነበረው፤ እርከኖቹ ላይ ግን አይቆምም። በዊልቸር የመጣ አንባቢ መጽሐፉን ከታች ሆኖ እያየ ሊደርስበት አይችልም። በሁለት ወር ገደማ ክስ ቀረበ። በ2023 ደግሞ ከተማዋ ራሷ አርክቴክቶቹን ከሰሰች። ሕግም፣ ገንዘብም፣ ስምም ነበር። ያልነበረው ንድፉ ኮንክሪት ከመሆኑ በፊት በዊልቸር ያለ አንባቢ ሆኖ ከበሩ እስከ መጽሐፉ ድረስ መንገዱን ያሰበ ሰው ነው።

የእኛም ሕግ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ ዊልቸር ለሚጠቀሙ፣ እንዲሁም መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዟል፤ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንጻም በቂ ቁጥር ያለው ለእነሱ የሚመችና ሊደርሱበት የሚችሉት መሆን አለበት ብሎ ደንግጓል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ነው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568 ደግሞ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ይህ ሦስተኛው የሚረሳ ነው። በሕንጻ ዙሪያ ስንነጋገር አካል ጉዳተኛውን ሁልጊዜ እንደ ባለጉዳይ እናስበዋለን። ከስድስት ኪሎ ብቻ በየዓመቱ ስንት ዓይነ ስውራን በሕግ፣ በቋንቋ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ይመረቃሉ። እነሱ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ጠበቃ፣ ዳኛ፣ የመምሪያ ኃላፊ ሆነው ሊሠሩ ነው። ለባለጉዳይ የታችኛውን ፎቅ አመቻችቶ የላይኛውን መተው ይህን ሁሉ ሰው ከሥራ ማስቀረት ነው።

«ስንቱ አካል ጉዳተኛ ነው እዚህ የሚመጣው?» የሚለው ጥያቄ ከኃላፊዎች አፍ የሚሰማ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ብሎ የመዘገበው ከሕዝቡ አንድ በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ደግሞ የኢትዮጵያ አኃዝ 17.6 በመቶ ተብሎ ተቀመጠ። የአጠያየቅ ልዩነት ነው፤ «አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ቤት ለቤት ሲጠየቅ ቤተሰብ ይደብቃል፤ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ይቸግርዎታል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙ ሰው አዎ ይላል። አያቶቻችንን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ እግራቸው ተሰብሮ ጀሶ የታሰረላቸውን፣ ከጦርነት ተጎድተው የተመለሱትን ቁጠሩ። በር ላይ ተቀምጦ ስንት ዊልቸር እንደገባ የሚቆጥር ኃላፊ የሚቆጥረው ደረጃው ያሳለፋቸውን ብቻ ነው።

ታዲያ ሕጉ እያለ ለምን እንዲህ ሆነ? ንድፉን የሚያጸድቀው ባለሙያ ወረቀት ላይ ራምፕ ተስሏል ወይ ብሎ ያያል፤ ተስሏል። ግንባታው ሲያልቅ የሚመረምረው ኮሚቴ ራምፕ ተሠርቷል ወይ ይላል፤ ተሠርቷል። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ከክፍያ ዝርዝሩ የሚሰረዙት የእጅ መደገፊያው፣ ንጣፉ፣ የሊፍቱ ድምፅ ናቸው፤ ሕንጻው ያለ እነሱም «አልቋል» ይባላልና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንጻዎች በምድብ ሐ ውስጥ አስገብቶ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኙ ሥራ ላይ እንዳይውሉ ደንግጓል። ይህ ፈቃድ ነው ጥሩ መያዣ የሚሆነው። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ የዊልቸር ተጠቃሚ፣ አንድ ነጭ በትር የያዘ ሰው፣ አንድ መስማት የተሳነው ሰውና አንድ ክራንች የሚጠቀም ሰው ከታክሲ መውረጃው ተነስተው እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ይግቡ። ማንም አይርዳቸው፣ ማንም መንገድ አይምራቸው። ተፈትሸው ይለፉ፣ ሊፍቱን ይጥሩ፣ መጨረሻ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቢሮ ፈልገው ያግኙ፣ መስኮቱ ጋ ይፈርሙ፣ ሽንት ቤት ይጠቀሙ፣ ይውጡ። የቆሙበት ቦታ ሁሉ ይጻፍ፤ እስኪስተካከል ፈቃዱ ይቆይ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በየክልሉ አሉ፤ ሰው የሚመድቡት እነሱ ይሁኑ፤ ለሰዎቹም እንደ ማንኛውም ባለሙያ የቀን ክፍያ ይታሰብላቸው። በነጻ ውለታ የሚጠየቅ ነገር መሆን የለበትም።

ከዚያም በፊት፣ ንድፉ ገና በእርሳስ እያለ አንድ ጊዜ መጠየቅ አለባቸው። ለዓይነ ስውራኑ ሞዴሉን በጣታቸው እንዲዳስሱት ማቅረብ ይቻላል፤ ሞዴሉ ለአለቆች ማሳያ ተብሎ መሠራቱ አይቀርም። የወለሉ ከፍታ፣ የበሮቹ ስፋት፣ የብሎኬቱ ሙሌት ያኔ ይታረማል፤ ያኔ ዋጋው የአንድ ስብሰባ ሻይና ውሃ ነው።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በየክልሉና በየከተማው የሚሠሩ የጤና ጣቢያዎች፣ የትምህርት ቤቶች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የዲዛይን ጨረታ ቢጋር (ከአማካሪው የሚጠበቀውን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድ) ይዘጋጃል። ቢጋሩ ላይ «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ የሆነ» የሚለው አጠቃላይ ሐረግ ሁልጊዜ አለ፤ አማካሪውም ሁልጊዜ «ተሟልቷል» ብሎ ይመልስበታል። በእሱ ፋንታ ልኬት ይጻፍበት፦ የመግቢያው ወለል ከመንገዱ ጋር እኩል፣ ካልተቻለም ተዳፋቱ ከ1 ለ12 ያልበለጠ፤ የበር ክፍተት ከ80 ሴንቲሜትር ያላነሰ፤ በእያንዳንዱ ፎቅ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ 1 ሜትር ተኩል መዞሪያ ያለው ሽንት ቤት፤ ከጄኔሬተር ጋር የተያያዘ፣ ድምፅና ብሬይል ያለው ሊፍት፤ በየፎቁ የእሳት ጊዜ መጠበቂያ። የመጨረሻው ክፍያም ከተጠቃሚዎቹ ሙከራ በኋላ የሚለቀቅ መሆኑ በውሉ ይግባ።